በአንቺ የማልኩት መሐላ

ለምወድሽ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትደገፊያለሽ ወይስ ትንሿ እህቴ እንደነገረችኝ እንደ ልጃገረድ ትፈተለኪያለሽ? ትንሽ ሲሻልሽ መድኃኒት ማቆም ልማድሽ ነውና እባክሽ አታቁሚው። አባባስ ሳሉ ለቀቀው? ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ መተኛቱን ትቷል ወይስ አሁንም ቤቱን ሁሉ ዜና ያሰማል? የወንድሜ ሚስት ወለደች ወይስ ገና ናት? እኔ ጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አላለኝም። ናፍቆታችሁ ግን እሁድ እሁድ ይብስብኛል፤ ሥራ ባለበት ቀን ለመናፈቅም ጊዜ የለኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ትንሿ እንደሆነች አውቃለሁ፤ አንቺ መነጽርሽን ታስቀምጪዋለሽ እንጂ አታደርጊውም። ስሚ አንቺ ትንሿ፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር፣ አትዝለይ፣ አታለሳልሺ። እማዬ ፊቷ ሲለዋወጥ አይተሽ «እዚህ ጋ ጽሑፉ አይነበብም» እንዳትይ። የእኔ ጽሑፍ ይነበባል፣ የዶሮ ጭረት የሚመስለው ያንቺ ነው።

እማዬ፣ የምጽፍልሽ ስለ ሹሜ ነው። ስሙ ሲነሳ ፊትሽ እንደሚፈካ አውቃለሁና ከአሁኑ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ዛሬ የሚያስደስትሽ ወሬ የለኝም። እህትሽ አራስ ቤት ሳለች ሞታ፣ እኔን በአንዱ ጡትሽ እሱን በሌላው ይዘሽ ያሳደግሽው፣ «ሹሜ» ብለሽ የቤት ስም ያወጣሽለት፣ እኔም የአክስቴ ልጅ ሳይሆን ወንድሜ ነው እያልኩ የኖርኩለት ሰው ከዳኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። አስቀየመኝ ብል ያንሳል፣ ተጣላን ብል ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬ ጮክ ብለን እንኳ አልተነጋገርንም። ከዳኝ ነው የምልሽ።

ነገሩ እንዲገባሽ መጀመሪያ ሥራዬን ልንገርሽ። «ልብስ እናጥባለን» ስልሽ ሳፋና ሳሙና ይመስልሽ ነበር፤ አንዴማ እጅሽ እንዳይላጥ ቅባት ቀቢ ብለሽ አስቀሽኛል። የኛ ቤት የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ማጠቡን ማሽኑ ይጨርሰዋል። እኛ ሴቶቹ እርጥቡን አንሶላ ከጋሪው እያነሳን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን ለመተኮሻው እናጎርሰዋለን። መተኮሻው እንደ በርሜል የሚሽከረከር የጋለ ብረት ነው። በዚያኛው በኩል ደርቆና ተዳምጦ ሲወጣ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተቀብለው ያጥፉታል። እርጥብ አንሶላ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ክንድሽ የሰው ክንድ ነው የሚመስልሽ።

እዚያ ስገባ ሥራውን ያስተማረችኝ እታለም ናት። ታላቃችን ስለሆነች ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ምላሷ አይምርም። የመጀመሪያ ቀን አንሶላ ስጎትት አይታኝ፣ ሬሳ ነው እንዴ የምትጎትቺው ብላ ሰው ሁሉ ፊት አሳቀችብኝ። በምሳ ሰዓት ደግሞ ራሷ ጠርታ ከጎኗ አስቀምጣ ምሳዋን አካፈለችኝ። ማረፊያ እስካገኝ ድረስ ቤቷ ያስተኛችኝም እሷ ናት፤ ያኔ በስልክ አገናኝቼሽ ምርቃት ያወረድሽላት ሴትዮ።

እኛ መሃል አንድ ደንብ ነበር፣ ትከሻ ማበደር እንለዋለን። አንዷ ወገቧን ካመማት፣ ወይ ልጇ ታሞባት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ከመጣች፣ የዚያን ቀን አንሶላ አታነሳም። ወደ መፈተሻው ጠረጴዛ ትሄድና የተቀደደውንና እድፉ ያለቀቀውን ስትለይ ትውላለች። የእሷን አንሶላ እኛ እናነሳዋለን። ማንም አይለምንም፣ ማንም አያመሰግንም፤ ነገ ያንቺ ተራ ነዋ። አለቆቹም ማታ ጋሪዎቹ ባዶ መሆናቸውን ያያሉ እንጂ ማን ስንት አነሳች ብለው አያውቁም ነበር። እታለም እጇ እየደከመ ሲመጣ ከዚያ ጠረጴዛ ብዙም አትለይም፤ ማንም ደግሞ ቅር ብሎት አያውቅም።

ሹሜ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኖ ወደኛ ድርጅት ሲመጣ እንዴት እንደፈነጠዝኩ ታስታውሺያለሽ፤ አንቺም ስልኩ ላይ ጮኸሽ ጆሮዬን ነበር ያደነቆርሽው። የመጀመሪያ ቀን ከረባቱን አስሮ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነበትና ከጋሪ ጋር ተላተመ። ሴቶቹ ሲንከተከቱ እኔ ኩራት ወጥሮኝ፣ አትሳቁበት፣ የኔ ነው አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁላችንም ስልካችን ላይ የምንጭነው ሲስተም አመጣ። መግባት መውጣታችን በሱ ይመዘገባል፤ ፈረቃችንን አስቀድሞ ያሳየናል፤ ፈቃድ ስንፈልግ ቢሮ በር ላይ መገተር ቀርቶ በስልኩ ጠይቀን በዚያው ቀን መልስ እናገኛለን። ከመተኮሻው አጠገብ ደግሞ ስክሪን ተሰቀለ፤ እያንዳንዷ ያጎረሰችውን አንሶላ እየቆጠረ ስማችንን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጎን ነበረው። የፎርማኑ ወዳጆች ብቻ የሚመቻቸውን ፈረቃ የሚመርጡበት ዘመን በሱ አበቃ። አሁንም በሲስተሙ ላይ ቂም የለኝም፣ ስልክ ምን ያውቃል።

ይሄው ሲስተም በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይልካል። በዚህ ሳምንት ሥራሽን ያከበደብሽ ነገር ምንድን ነው ይላል። ሴቶቹ ይቺን ጥያቄ ጨርሶ አልወደዷትም። አፏ ስለማያርፍ ጥይት የምንላት አንዷ፣ ይሄ ስልክ ነው ወይስ የነፍስ አባት፣ የኔ መክበድ ምን አገባው ብላ አሳቀችን። ማንም አልመልስ ሲል ሹሜ ጨነቀውና ወደኔ መጣ። እኔን ገና አያውቁኝም፣ አንቺን ግን ያምናሉ፣ እባክሽ ከጎኔ ቁሚልኝ አለኝ። ቆምኩለት። በምሳ ዕረፍት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሰብስቦን፣ የምትጽፉት ነገር ለመረዳዳት ብቻ ነው፣ ወንበር የሚያስፈልጋት ወንበር፣ ቀለል ያለ ሥራ የሚያስፈልጋት ቀለል ያለ ሥራ እንድታገኝ ነው፣ ከኔ በቀር የሚያየው የለም፣ ለግምገማም ለኮንትራትም አይቀርብም አለ። አሁንም ዝም አሉ። እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ይሄ ሰው አብሬው ካንድ ጡት የጠባሁት ወንድሜ ነው፣ ቢዋሻችሁ እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ። አዎ እማዬ፣ በአንቺ። እታለም ቀና ብላ አየችኝና፣ በእናትሽ ከማልሽማ አበቃ አለች። እሷ እሺ ስትል ሁሉም ተከተሏት።

እታለም ስልክ መነካካት አይሆንላትም፤ አውራ ጣቷ ሁለት ሁለት ፊደል ነው የሚጫነው። ስለዚህ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ትቀልድ ነበር፤ ሥራዬን ያከበደብኝ የፎርማኑ ፊት ነው ብለሽ ጻፊ ትለኛለች። በኋላ ግን አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እውነቱን ነገረችኝ። ቀኝ እጇ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛል፤ አንሶላው ሲያመልጣት እንኳ አይታወቃትም። ለባሏ ያልነገረችውን ነው የነገረችኝ። እንዳለችው አድርጌ ጻፍኩት። በዚያም አላበቃሁም፣ ሹሜ ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ ያቺን ሴት አደራህን አልኩት። የመፈተሻው ጠረጴዛ ሥራ ሲስተሙ ውስጥ ስላልገባ እታለም ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ስክሪኑ ላይ ቀይ እንደምትሆንም ነገርኩት። ትከሻ ማበደር ምን እንደሆነ ሳይቀር ቁጭ ብዬ አስረዳሁት፤ ይሄንን ሲስተምህ ውስጥ ብታስገባው ሠራተኛው ሁሉ ይመርቅሃል አልኩት። በጣም ወደደው። ለዚህ እኮ ነው ያመጣነው፣ ለበላይ አቀርበዋለሁ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ኮንትራት የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና እታለም ተጠራች። ቢሮ ብቻዬን መግባት አልወድም፣ ነይ አለችኝ፤ ለእድሳት ነው ብለን እየተሳሳቅን ገባን። ሹሜ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጧል። ወደኔ ቀና ብሎ አላየም። ኮምፒውተሩን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረና ማንበብ ጀመረ። ቀኝ እጄ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛል፣ አንሶላ ሲያመልጠኝ አይታወቀኝም ብሎ አነበበ። እኔ በጻፍኩት ቃል! አንድም አላጎደለ። ቀጠለና፣ ባልደረቦቿ ሥራዋን እየሸፈኑላት የምርታማነት ችግሯ እንዳይታወቅ ሲያደርጉ ቆይተዋል አለ። ትከሻ ማበደርን እኮ ነው እማዬ፣ ከኔ ከራሴ አፍ የሰማውን። ኮንትራቱ አይታደስም ተባለ። እታለም አልጮኸች፣ አላለቀሰች። ቀኝ እጇን በግራዋ ያዝ አድርጋ ወደኔ ዞረችና፣ አንቺ ነሽ? አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ አዘዘልኝ። ውሳኔው የሲስተሙ ነው፣ ቁጥሩ ነው የተናገረው አለኝ። ቁጥር አፍ አለው እንዴ፣ ሲነበብ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ነው አልኩት። እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ ከላይ ይሄ ሁሉ ሲስተም ምን አመጣ ብለው ጠይቀውኛል፣ ውጤት ማሳየት ነበረብኝ፣ አንድ ሰው መውጣቱ አይቀርም ነበር አለኝ። ያንን ልታገሰው እሞክር ነበር ይሆናል። የባሰውን ግን አስከትሎ ተናገረው። አንቺ አትስጊ፣ ያንቺን ሁልጊዜ አረንጓዴ አደርግልሻለሁ አለኝ። እንደ ውለታ እኮ ነው የነገረኝ! ለካ ቀለሙን የሚቀባው እሱ ነው። ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ።

አሁን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ወሬው ይቆማል። ጥይት እንኳ ዝም ትላለች፣ የሷ ዝምታ ከስድብ በላይ ነው የሚያቃጥለኝ። ለሳምንቱ ጥያቄ ሁሉም «ምንም» ብለው ይመልሳሉ፤ ሲስተሙም ሠራተኛው ተመችቶታል ብሎ ያምናል። ትከሻ ማበደር የሚባል ነገር ጠፋ። አጠገቤ ያለችው ወገቧ ተቆርጦ ስታቃስት ላግዛት እጄን ስዘረጋ፣ ተይኝ፣ ለራስሽ ሊቆጠርልሽ ነው አይደል ትለኛለች። እሱ ውጤት ብሎ ያቀረበውን ነገር ብታዪው፣ ድሮ ማታ ባዶ የምናደርጋቸው ጋሪዎች አሁን ግማሹን ይዘው ያድራሉ። በቀደም መፈተሻው ጠረጴዛ ላይ ሰው ስለጠፋ የተቀዳደደ አንሶላ ሆስፒታል ሄዶ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ምን ነካችሁ ብሎ ጮኸብን። ማን ይንገረው?

እታለም ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አመለከተች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ቀርበው፣ ለኮንትራት አይቀርብም ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር አሉ። ሹሜ ምን ቢል ጥሩ ነው? አልገባቸውም፣ እኔ ለግምገማ እንደሚውል በግልጽ ተናግሬያለሁ፣ አጠገቤ ቆማ ስታስረዳ የነበረችው እህቴ ናት፣ እሷን ጠይቁ አለ። እኔን! ሳያማክረኝ፣ በስልክ እንኳ ሳይነግረኝ ምስክሩ አድርጎ ስሜን ሰጠ። ኮሚቴውም ሌሎቹ ለጓደኛቸው ሊያደሉ ይችላሉ፣ እሷ ግን ለሁለቱም ቅርብ ስለሆነች በእሷ ቃል እንወስናለን ብሎ ቀጠረኝ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። እውነቱን ከተናገርኩ እታለም ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች፣ ሹሜ ከሥራው ይነሳል። ከዋሸሁ እሱ ባለበት ይቀጥላል፣ እሷ በዚያች እጇ ሌላ ሥራ ስትለምን ትኖራለች።

እስከዚህ ድረስ ችዬው ነበር እማዬ። ያልቻልኩት ያንቺን ስልክ ነው። ሐሙስ ደወልሽልኝና እንደምን ነሽ እንኳ ሳትዪኝ፣ ልጄን እንዳታዋርጂብኝ አልሽኝ። ታዲያ እኔ ማን ነኝ? የጎረቤት ልጅ ነኝ? እሱ ቀድሞ ደውሎ አልቅሶልሻል፤ ሲያለቅስልሽ ልብሽ እንደማይችል ያውቃል። ምን እንዳደረገ አልጠየቅሽውም፣ እኔንም አልጠየቅሽኝም። ነገሩን ልንገርሽ ስል፣ ኋላ ኋላ እያልሽ አቋረጥሽኝ። ከዚያ ደግሞ እሱ እኛ ጋ ሊያስቀጥራት ያሰባትን የትንሿን ነገር አነሳሽ፤ እሱ ከተሰናከለ እሷም መቅረቷ ነው፣ የቅጥር ወረቀቷ በእጁ ነው አልሽኝ። የሱ ክህደት አንገበገበኝ፣ ያንቺ ግን ሆዴን ነው የቆረጠው። ይሄን ለእናት መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውስጤ ይዤው ከምታመም ግን ልናገረው።

ትንሿ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን አታጥፊ፣ አንብቢ። እንድትመጪ ካንቺ በላይ የጓጓሁት እኔ ነኝ። አልጋሽን የት እንደማደርገው፣ የትኛውን ቁም ሣጥን እንደምለቅልሽ ሳይቀር አስቤ ነበር። ነገር ግን በሱ እጅ ገብተሽ፣ እታለም የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመሽ፣ ያ ስልክ ምን ከበደሽ ብሎ ሲጠይቅሽ ምን ብለሽ ትመልሺለታለሽ? ሌላ በር እናንኳኳለን። ይዘገያል፣ አልዋሽሽም። ተቀየሚኝ፣ ስደቢኝም፣ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

እማዬ፣ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ ገርሞሽ ይሆናል። ብደውልልሽ ኖሮ ትለምኚኝ ነበር። ድምፅሽን ሰምቼ እምቢ ማለት አልችልም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል፣ በአንቺ በኩል የመጣብኝም ለዚያ ነው። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እኔ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ተናግሬ ጨርሻለሁ። እስከዚያ ስልኬን ዘግቼዋለሁ። ቃል ገብቷል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አጠገቡ ቆሜ በእናቴ ሞት ምያለሁ እላቸዋለሁ። ምናልባት ከዚያ በኋላ እኔም እዚያ ቤት አልቆይ ይሆናል፣ ይሁን። በዓለም ላይ ከአንቺ አብልጬ የምወደው ስለሌለ ነው በአንቺ የማልኩት። ስምሽን የሱ ውሸት ላይ ጥዬው ልሄድ አልችልም።

አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሐኪሙ ያለውን ይስማ በይው። ለወንድሜና ለሚስቱ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በሰላም ያገላግላት፣ ልጁ ሲወለድ ፎቶውን ላኩልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን፣ የሰፋችልኝ ቀሚስ ዘንድሮም አልተተረተረም በያት። ትንሿን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ፣ ብታኮርፍም ሳሚያት።

ሹሜ ወደ ቤት ከመጣ አስገቢው። ልጅሽ ነው፣ በር ዝጊበት አልልሽም። አብይው፣ አስተኚው፣ የሱንም ቃል እስኪጨርስ ስሚው። ሰምተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ደውዪልኝና፣ ስለ ማንም ከማውራትሽ በፊት፣ እኔን እንደምን ነሽ በዪኝ።

ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን